ሁሉም ሰው ያለው ዕጢ

ስበላ ግራ ጉንጬን ያልበኛል። ፊቴን በሙሉ አይደለም፤ ከጆሮዬ ፊት ለፊት፣ የሕፃን መዳፍ የምታክል ቦታ ብቻ። አዋዜ ወይም ሎሚ ያለበት ነገር ከሆነማ ጠብ ጠብ ይላል። በመምህራን ክበብ አብረውኝ የሚበሉት ለምደውኛል፤ አዲስ የተመደበ መምህር ሲመጣ ግን «መምህርት፣ ሞቀዎት እንዴ? መስኮት ልክፈት?» ይለኛል። ዳባት ውስጥ፣ በኅዳር ብርድ! «ተወው ልጄ፣ ምራቄ መንገድ ጠፍቶት ነው» እለዋለሁ። ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። ሐኪሙ እንደነገረኝ፣ ምራቅን የሚያዘው ቀጭን ነርቭ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ተቆርጦ ነበር፤ ሲያገግም ተሳስቶ ከላቡ ጋር ተገናኘ። ምግብ ሲመጣ ምራቅ ያመነጨ እየመሰለው ጉንጬን ያልበዋል።

የሕመም ገጠመኝ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ «ዳንኩ፣ እናንተም አይዟችሁ» ብለው ነው የሚጨርሱት። እኔም ድኛለሁ፣ ተመስገን። ግን የእኔ ነገር በመዳን የሚያልቅ አልሆነም። በአንዲት ቃል የተነሳ ዓመታት አባከንኩ። የራሴ ዓመታት ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ያህል ባልቆጨኝ፤ ሌላ ሰው ጨምሬ አሳሳትኩ። ቃሏን ያልተረዳው ማን ነው ብትሉ ደግሞ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ አማርኛ ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

መጀመሪያ ያስታወቀኝ ጉትቻዬ ነው። ለወላጆች ቀን ስዘጋጅ መስተዋት ፊት ቆሜ ሳይ፣ የግራው ጉትቻ እንደ ቀኙ ቀጥ ብሎ አልወረደም፤ ወደ ውጭ ተገፋ። ብዳስስ ከጆሮዬ ጫፍ ሥር ሽምብራ የምታክል ነገር አለች። አታምም። ስነካት ሸርተት ትላለች። ባለቤቴን ታደለን ጠራሁት። ታደለ ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው የሚሠራው፤ ከሰው ይልቅ የከብት በሽታ ያውቃል። ዳሰሰኝና «በሬ ብትሆኚ እነግርሽ ነበር» አለኝ። ሳቅን፣ ወደ በዓሉ ሄድን።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ግን አንድ ጊዜ አይታኝ ፈረደች። «ጆሮ ደግፍ ነው!»

«እትዬ፣ ጆሮ ደግፍ እኮ የልጆች በሽታ ነው። ደግሞም በልጅነቴ ወጥቶልኛል።»

«ልጅነትሽን ሳትጨርሺ አግብተሽ ይሆናላ! ነይ ወዲህ» አለችና ሻሽ አሙቃ አገጬን ከአናቴ ጋር ጠፍንጋ አሰረችኝ። ሳምንት ሙሉ እንደዚያ ታስሬ አስተማርኩ። ተማሪዎቼ ከመጽሐፋቸው ጀርባ ፊታቸውን ደብቀው ሲንከተከቱ አያለሁ። ሻሹ ሲፈታ ሽምብራዋ እንዳለች ናት።

በሁለተኛው ዓመት ጥርስ ነው ተባልኩ። ደባርቅ ድረስ ሄጄ የኋላ መንጋጋዬን አስነቀልኩ። ጤነኛ መንጋጋ! ሥሩ እንደ ወተት ነጭ ነበር። ነቃዩ ራሱ በፋሻ ይዞ እያገላበጠ ሲያየው «እንግዲህ…» ብሎ ሳህኑ ላይ ጣለው። ምላሴ እስካሁን ክፍት ቦታውን እየሄደ ይጎበኛል። ከዚያ እዚሁ ዳባት ንፍፊት ነው ተባለ። ንፍፊት የሚሉት ሰውነት የሆነ ቦታ ቁስል ሲኖረው በብብት ወይም በአንገት የሚያብጠው ነው። አሥር ቀን መርፌ ተወጋሁ፤ መቀመጫዬ ወንፊት ሆነ። ሽምብራዋ ይኸው በዚያው ዓመት ባቄላ አከለች። እነዚህን ሰዎች አልወቅስም። ሁሉም በሚያውቀው ነው የዳኘኝ። የእኔ ጥፋት የሚጀምረው የሚያውቅ ሰው ካገኘሁ በኋላ ነው።

በሦስተኛው ዓመት ታደለ «ጎንደር ሂጂ፣ በቃ» አለኝ። እሱ ዘር ማከፋፈል ላይ ስለነበር ብቻዬን ሄድኩ። አስፋልቱ ገና አልገባም፤ ሚኒባሱ ኮሶዬ ላይ ጉም ውስጥ ገብቶ እያዘገመ፣ ከጉሙ ሲወጣ ደግሞ አቧራ እያቃመን ጎንደር አደረሰን። አንድ የግል ክሊኒክ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ወረፋ ጠበቅሁ። አግዳሚው ላይ ከጎኔ አንድ ሽማግሌ አገጫቸውን በጋቢ ሸፍነው ተቀምጠዋል። ከወዲያ ማዶ አንዲት ሴት ዓይኗ ላይ ጥጥ ለጥፋለች። ሰው ሁሉ የሌላውን ፊት እያየ የራሱን ይዳስሳል። እኔም ሽማግሌውን ባየሁ ቁጥር እጄ ሳላዘው ጆሮዬ ሥር ይሄዳል። እዚያ ወንበር ላይ ስምንት ጊዜ ያህል ሞቼ ተነሳሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፣ ደክሞታል እንጂ። በሁለት ጣቱ ዳሰሰኝ፣ አፌን በባትሪ አየና ተቀመጠ።

«የምራቅ ዕጢ ነው» አለኝ።

«ምን?»

«ዕጢ ነው። የምራቅ ዕጢ። መውጣት ይኖርበታል። ወረቀት እጽፍልዎታለሁ፤ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይዘው ይሂዱ።»

ቀዶ ሕክምና የምትለዋን ስሰማ፣ እየሰመጠ እንዳለ ሰው የሚይዘው ነገር ስፈልግ፣ ያገኘሁት ያቺን ቃል ነው። «ዶክተር፣ ይሄ የምራቅ ዕጢ የሚባለው… ሰው ሁሉ አለው አይደል?»

እየጻፈ ነበር፤ ቀና አላለም። «አዎ፣ ሁሉም ሰው አለው።»

«አደገኛ ነው?»

«አብዛኛውን ጊዜ አደገኛ አይደለም። ቢሆንም መውጣቱ ነው የሚሻለው።»

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ሁሉ ነገር የተበላሸው እዚህ ነው። በአማርኛችን ዕጢ አንድ ቃል ሆኖ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ፈጣሪ በሰውነታችን ውስጥ ያስቀመጠው፣ ምራቅን፣ እንባን፣ ላብን የሚያመነጨው ነው። ይህ የሌለው ሰው የለም። ሁለተኛው ያለ ቦታው የሚበቅለው፣ የሚያድገው፣ ሐኪም ካላወጣው የማይመለሰው ነው። ሐኪሙ የነገረኝ ስለዚህኛው ነበር። እኔ ደግሞ የጠየቅሁት ስለዚያኛው ነው። እሱም ስለዚያኛው መለሰልኝና ሁለታችንም ተግባባን ብለን ተለያየን።

ሳልሰማ ቀርቼ እንዳይመስላችሁ። «መውጣት አለበት» ሲል በደንብ ሰምቻለሁ። ግን የተፈጥሮ ነገር ከሆነ ምን ሲደረግ ይወጣል? ሐኪሞች ደግሞ ካልቆረጡ ደስ አይላቸው! እንዲህ እያልኩ ለራሴ ተከራከርኩ፣ ፈረድኩ፣ የቀረውን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ወረቀቱን ቤት ስደርስ ከስም መጥሪያዎቼ መካከል ሸጎጥኩት። ለታደለም «የምራቅ ዕጢ ነው አሉኝ፤ ሁሉም ሰው አለው፤ የእኔ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው» አልኩት። «እሰይ!» አለና ለእራት በግ ካላረድኩ ብሎ ስንት ተከራከርን።

በማግስቱ ደግሞ ማረጋገጫ ፈለግሁ። መምህር ዘውዱ የሚባል የሳይንስ አስተማሪ ነበረን። በእረፍት ሰዓት ክፍሉ ገብቼ «የምራቅ ዕጢ ሁሉም ሰው አለው?» አልኩት። «እንዴታ! ሦስት ጥንድ ትልልቅ!» አለና ጠመኔ አንስቶ በጥቁር ሰሌዳው ላይ የሰው ጭንቅላት ሣለልኝ። አንዱን ዕጢ ልክ ከጆሮው ሥር ሲያደርገው «እዚህ ጋ?» አልኩት። «በትክክል እዚያው!» አለኝ። ደስታዬ! ምን ያድርግ ሰውዬው፣ የጠየቅሁትን ነው የመለሰው። እብጠቴን አሳይቼው ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ይለኝ ነበር። ሳላሳየው ወጣሁ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ደረስኩ።

እናኑ የምትባል ደንበኛ ነበረችኝ። ከዳባት አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ከሚያስኬድ መንደር እየመጣች በገበያ ቀን ነጭ ሽንኩርትና ድንች ትሸጣለች። ባሏ ሞቶባት ሁለት ሴቶች ልጆች ለብቻዋ የምታሳድግ፣ ከእኔ ጥቂት የምታንስ፣ ምላሷ ስለት የሆነ ሴት ናት። ዋጋ አትቀንስም፤ ምራቂ ግን ሳትጠየቅ ትጨምራለች። «ዋጋ ካስቀነሱኝ ይከፋኛል፣ ምራቂ ካልወሰዱልኝም ይከፋኛል» ትለኛለች። አንገቷ ላይ እንደ አገሩ ሴት የተነቀሰችው ንቅሳት፣ ክብ ክብ ሆኖ የተደረደረ፣ ከሩቅ ያምራል።

አንድ ቀን ሳያት ላይኛው የንቅሳት መስመር ጎብጧል። ከአገጯ ሥር በቀኝ በኩል ለውዝ የምታክል ነገር ከታች ገፍታው ነው።

«እናኑ፣ ይቺን ደግሞ ማን ጨመረልሽ?»

«ምራቂ ናት!» አለችና ሳቀች። «ለሰው ስጨምር ኖሬ ለእኔም ጨመሩልኛ!» አጠገቧ ያሉት ሴቶች አውካኩ። ወዲያው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ግን ማርያምን፣ መምህርት፣ ፈርቻለሁ» አለችኝ። «ወንድሜ ጎንደር ላሳይሽ ብሎኝ ሰኞ ልንሄድ ነው። ልጆቹንም ለእናቴ አደራ ብያለሁ። እርስዎስ ጎንደር ታይተው የለ? ምን አሉዎት?»

አይ እኔ! የድንች ጆንያዋ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። ነጠላዬን ገለጥ አድርጌ የራሴን አስነካኋት። «ዕጢ ነው» አልኳት። «የምራቅ ዕጢ። ሁሉም ሰው አለው። ሐኪሙ በገዛ አፉ ነው የነገረኝ። የሳይንስ መምህሩም ሥሎ አሳየኝ፤ ከጆሮ ሥር አለ፣ ከአገጭ ሥር አለ። አንዳንዱ ሰው ላይ ወጣ ይላል።»

«ታዲያ ልቅር?»

ሽንኩርቱን እየለቀመች፣ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል ነው የጠየቀችኝ። የምላትን ልታደርግ ቁርጥ አድርጋ ተነስታለች። እኔ መምህርት ነኝ። ለደብዳቤዋ፣ ለግብር ወረቀቷ፣ ለልጆቿ ትምህርት የምትጠይቀኝ እኔን ነው። «ምን ቆርጦሽ ትንገላቻለሽ?» አልኳት። «ቅሪ።»

«ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ሸክሜን አወረዱልኝ» ብላ እጄን ሳመችኝ። የዚያን ቀን ምራቂዋ ከገዛሁት በለጠ። ሰኞ ጎንደር አልሄደችም።

ከዚያ በኋላ ያ ነገር የእኔና የእሷ ጨዋታ ሆነ። ገበያ ስንገናኝ እሷ አገጯን፣ እኔ ጆሮዬን ነካ አድርገን «ሁሉም ሰው አለው!» እንባባላለን። የእኔው ባቄላ ቀስ እያለ እንቁላል አከለ። የእሷ ብዙ አላደገም፤ ግን አንድ ጊዜ ስነካት እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነበር። የእኔ ሸርተት ይላል፣ የእሷ ንቅንቅ አይልም። ልቤ ድንግጥ አለ። አፌ ግን «ምንም አይደል» አለ።

ከጎንደር ከተመለስኩ አራት ዓመት ሊሞላው ሲል ግራ ዓይኔ ሥር ቆዳዬ ይርገበገብ ጀመር፤ ሕመሙም ወደ ጆሮዬ ይወረወራል። በዚሁ ሰሞን ታደለ የቤት ካርታ ሲፈልግ ስም መጥሪያዎቼን ገልብጦ ወረቀቱን አገኘው። እንግሊዝኛው ብዙ አይደለም፣ ግን ቀዶ ሕክምና የምትለዋን ያውቃታል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የድሮ ወረቀት ነው።»

«ይቆረጥ ይላል እኮ! ሁሉም ሰው አለው አላልሽኝም? አራት ዓመት ሙሉ? አራት ዓመት ሙሉ ዋሸሽኝ?»

አልዋሸሁህም ልለው ነበር። ደግሞ ሳስበው ዋሽቼዋለሁ። ታደለ የማይቆጣ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጥቶ ሄደ። ሦስት ቀን አላናገረኝም። በአራተኛው ቀን ጠዋት የጎንደር ሚኒባስ ቦታ ይዞልኝ መጣና «ተነሽ» አለኝ። እሱም አብሮኝ ተሳፈረ።

በዚህኛው ጊዜ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ዕድሜ ጠገብ የቀዶ ሕክምና ሐኪም አየኝ። ዓይኔን አስጨፈነኝ፣ ፈገግ አስባለኝ፣ «ጉንጭሽን እንደ ፊኛ ንፊ» አለኝ። በቀጭን መርፌ ናሙና ወሰዱ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ከአሥር ቀን በላይ ጠበቅን። በእነዚያ ቀናት ታደለና እኔ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጎረቤት በግ፣ ስለ ሁሉም ነገር እናወራ ነበር፤ ስለ መርፌው አንዲት ቃል አልተነፈስንም። ስንመለስ ሐኪሙ ወረቀቱን አንብቦ «ዕጢሽ ላይ ዕጢ በቅሎበታል» አለኝ።

«ዕጢ ላይ ዕጢ? እንዴት ሆኖ?»

ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ምራቅ የሚያመነጨው ጤነኛው ዕጢ ቦታው ላይ እንዳለ፣ ከእሱ ላይ ደግሞ የማይፈለግ ሌላ ዕጢ እንደበቀለ፣ በስም አንድ ይሁኑ እንጂ አንዱ የሰውነት ክፍል፣ ሌላው በሽታ መሆኑን። «ካንሰር አይደለም፣ ተመስገን በይ። ግን በጣም ቆይቷል። የፊትን ጡንቻ የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በመሀሉ ነው የሚያልፈው። ሽምብራ ሳለ ብትመጪ ኖሮ ቀላል ሥራ ነበር። አሁን ነርቩን ላድን የምችለውን አደርጋለሁ፤ ቃል ግን አልገባልሽም።» ከዚያ «ሥራሽ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የአማርኛ መምህርት ነኝ።»

ብዕሩን አንስቶ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ታደለ መስኮት መስኮቱን ያያል። እኔ ግን ስለ ፊቴ አልነበረም የማስበው። «ዶክተር፣ ከአገጭ ሥር የሚወጣውስ?» አልኩት።

«የማን?»

«የ… የሰው። የማውቃት ሰው።»

«ከአገጭ ሥር ያለው ከጆሮ ሥሩ የበለጠ ያሳስባል። የጠጠረና የማይንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ ዛሬ ነገ ማለት የለም። ንገሪያት።»

«እነግራታለሁ» አልኩ።

አልነገርኳትም። ለቀዶ ሕክምናው የተሰጠኝ ቀጠሮ ሦስት ሳምንት ነበር፤ በመሀሉ ሁለት ጊዜ ገበያ ቆሟል። ሁለቱንም ጊዜ ገበያ ወጣሁ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ በበርበሬ ተራ ዞሬ፣ ከሌላ ሴት ሽንኩርት ገዝቼ ተመለስኩ። ምን ብዬ ልንገራት? «ያልኩሽ ሁሉ ስህተት ነው፣ አንዲት ቃል አልገባኝም ነበር» ልበል? እዚያ ሁሉ ሴት ፊት? «ልዳንና በደንብ አስረዳታለሁ» እያልኩ ራሴን አታለልኩ። እውነቱን ልናገር፣ አፈርኩ። በእሷ አንገት ላይ ያለው ነገር እያደገ፣ እኔ ስለ ክብሬ እጨነቅ ነበር።

ቀዶ ሕክምናው ስድስት ሰዓት ፈጀ አሉኝ። ስነቃ አፌ ወደ ቀኝ ሄዷል። ግራ ዓይኔ አልከደን ብሎ በፕላስተር ይታሸግልኛል። ውኃ ስጠጣ በግራ ከንፈሬ ይፈሳል። ሐኪሙ «የፊትሽ ነርቭ አልተቆረጠም፣ ግን ስለ ተጎተተ ደንዝዟል፤ ይመለሳል፣ ጊዜ ስጪው» አለኝ። አልጋ ጎረቤቴ ከሊማሊሞ በታች የመጣች፣ እንቅርት ያስወጣች ሴት ነበረች። ድምፅዋ ለጊዜው ጠፍቶ በሹክሹክታ ነው የምታወራው። ማንም ሳያዛት ማንኪያውን በደህናው ጎኔ እያስገባች አጥሚት ታጎርሰኝ ነበር። እሷ ድምፅ የላት፣ እኔ ከንፈር የለኝ፣ ግን ስናወራ ነው የምንውለው። በምን እንግባባ እንደነበር አላውቅም። እግዜር ይስጥልኝ ሳልላት ወደ ቤቷ ተሸኘች።

ወደ ትምህርት ቤት ስመለስ በ፣ ፈ፣ ጰ እና ፐ ከዱኝ። እነዚህ ፊደላት ደህና ከንፈር ይፈልጋሉ ለካ! የመጀመሪያው ቀን «ጳጉሜ» ልል «ሃጉሜ» አልኩ። ተማሪዎቼ በሻሹ ጊዜ ሲስቁብኝ የነበሩት ልጆች ታናናሾች ናቸው፤ አንድ እንኳ አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። በየቀኑ መስተዋት ፊት ሆኜ ሻማ የማጥፋት ልምምድ ማድረግ ያዝኩ። በስድስተኛው ወር ከንፈሬ ንቅንቅ አለ፤ ዓመት ሲሞላ ዓይኔ ይከደን ጀመር። ዛሬ ስስቅ ብቻ ነው የሚያስታውቀው። ሕመሙ ደርሶባችሁ ፊታችሁ የጠመመ ካላችሁ፣ ተስፋ አትቁረጡ፤ የሚመለስ ብዙ ነው።

እናኑ ጋ የሄድኩት ከሆስፒታል በወጣሁ በአምስተኛው ሳምንት ነው። ፊቴ ገና እንደ ጠመመ፣ ዓይኔ ላይ ፕላስተር እንዳለ። ስታየኝ ሚዛኗን አስቀመጠች።

«ምነው? ምነው እቴ? ምን አደረጉዎት?»

«እናኑ፣ ስሚኝ። ስህተት ነግሬሻለሁ። ዕጢ ነው ብዬሽ ነበር…»

«አዎ፣ ሁሉም ሰው አለው ብለውኝ።»

«እሱ ሌላ ዕጢ ነው። የአንቺና የእኔ በሽታ ነው። ዕጢ ነው፣ ግን መውጣት ያለበት ዕጢ ነው። ነገውኑ ጎንደር እንሂድ፤ እኔው እወስድሻለሁ።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ዓይኔን፣ ከንፈሬን፣ ከጆሮዬ እስከ አንገቴ የወረደውን ስፌት። «መምህርት፣» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ያኔም ዕጢ ነው አሉኝ፣ አሁንም ዕጢ ነው ይሉኛል። ያኔ ቅሪ አሉኝ፣ ፊትዎ ደህና ነበር። አሁን ሂጂ ይሉኛል፣ ፊትዎ ይኸው። እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይሰማሉ?»

የምናገረው በግማሽ አፍ ነበር፤ ግማሹን ቃል አልሰማችውም ይሆናል። አራት ወር ለመንኳት። ወንድሟን ላክሁባት፣ ቄሷን ላክሁባት። «መምህርትን ያየ ማን ይቆረጣል?» ትላቸዋለች። እንግዲህ በአፌ አስቀረኋት፣ በፊቴ ደግሞ አስፈራራኋት። በአምስተኛው ወር ምላሷ በአንድ ወገን ሲደነዝዝ፣ ምግብ መዋጥ ሲያቅታት፣ እሷው ራሷ ቤቴ ድረስ መጥታ «እንሂድ» አለችኝ።

ሄድን። ያው ሐኪም ነበር። አንገቷን በሁለት እጁ ዳሰሰ፣ ፎቶ አስነሳት፣ ናሙና ወሰደ። የእሷ ካንሰር ነበር፤ ወደ አንገቷና ወደ ሳንባዋ ወርዷል። የሚቆረጥ አልሆነም፤ የሕመም ማስታገሻ ተሰጣት። ስምንት ወር ኖረች። ልጆቿን አያታቸው ናት የምታሳድጋቸው፤ ትልቋ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ነች፣ አማርኛ የማስተምራት እኔ ነኝ።

ሐኪም ዕጢ ሲላችሁ «የትኛው ዕጢ? ጤነኛው ነው በሽታው?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልገባችሁ ደግማችሁ ጠይቁ፤ ሐኪሙ ቢደክመው ይድከመው። አንገታችሁ ላይ፣ ጆሯችሁ ሥር፣ አገጫችሁ ሥር የሚቆይ እብጠት ካለ፣ ባያምም ታዩ። እንደ እኔ የተማረ የሚባል ጎረቤት «ምንም አይደል» ካላችሁ ደግሞ፣ አመስግናችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ። እዚህ ላይ ልጨርስ ነበር። ግን ያን ቀን ሐኪሙ ክፍል ውስጥ የሆነውን አንድ ነገር ዘልዬዋለሁ፤ እሱን ካልጻፍኩ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?

ሐኪሙ አንገቷን ዳስሶ ሲያበቃ ተቆጣ። «ይሄ የስንት ዓመት ነው? እስከዛሬ የት ነበርሽ? ታከሚ ያለሽ አንድ ሰው የለም?» አላት። እኔ በር ሥር ነጠላዋን ይዤ ቆሜያለሁ። እናኑ ዞር ብላ አየችኝ። አሁን ትናገራለች፣ ብዬ ጠበቅሁ። እንድትናገርም ተመኘሁ።

«ኧረ መክረውኛል፣ ጌታዬ» አለችው። «መምህርት ናቸው የመከሩኝ። ለምነውኛል፣ ሰው ልከውብኛል። እኔ ነኝ ግትር ሆኜ እምቢ ያልኩ።»

ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ለሰለሰ። «እንዳንቺ ያለ ሰው በየመንደሩ ቢኖርልን» አለኝ።

«አመሰግናለሁ» አልኩት።